ከስም ወደ ሰው፦ የተስዓቱ ቅዱሳን ገዳማት የአመሠራረት ትረካና የቃል ማስረጃ

የአክሱም ዘመን ገዳማት እንዴት እንደ ተመሠረቱ የሚናገረው ታሪክ ሁለት ጊዜ ተጽፏል። መጀመሪያ የጻፉት የገድል ደራስያን ናቸው፤ እነርሱም ከሚተርኩት ዘመን ብዙ መቶ ዓመታት ዘግይተው የተነሡ ሰዎች ነበሩ። ሁለተኛ የጻፉት ከ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ወዲህ የተነሡ የሴም ቋንቋዎች ሊቃውንት ናቸው። የፊተኞቹ ሥራ «ገድል» ስለ ተባለ በጥርጣሬ ይነበባል። የኋለኞቹ ግን «ምርምር» ስለ ተባለ በመማሪያ መጻሕፍትና በመዝገበ ቃላት መቅድሞች ያለ ጥያቄ ይገለበጣል። ሁለቱ ጎን ለጎን ሲነበቡ የአሠራራቸው መመሳሰል ያስደንቃል። ሁለቱም አንድ ቃል ይይዛሉ፤ ከቃሉ ፍቺ ያወጣሉ፤ ከፍቺው ሰው ያስነሣሉ፤ ሰውየውንም ባሕር አሻግረው ያመጣሉ። ለቋንቋ አጥኚ ይህ የጎን ጉዳይ አይደለም፤ ምክንያቱም በሁለተኛው ትረካ ምስክር ሆኖ የቀረበው የቋንቋ ጥናት ራሱ ነው። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የፊተኛውን ትረካ አሠራር በግልጽ የሚያሳየው የአባ ገሪማ ስም ነው። ትውፊቱ እንደሚለው በዓድዋ አጠገብ ያለውን ገዳም የመሠረተው መነኩሴ የቀድሞ ስሙ ይስሐቅ ነበረ፤ የሮም ንጉሥ ልጅ ሆኖ ለጥቂት ዓመታት ከነገሠ በኋላ ዙፋኑን ትቶ መጣ። አባ ጰንጠሌዎንም ተአምሩን አይቶ «ገረምከኒ» አለው፤ አስገረምከኝ ማለት ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ገሪማ ተባለ ይላል ታሪኩ። ቃሉ ለጆሮ ይጥማል፤ በሰዋስው ግን ከስሙ ጋር አይገጥምም። «ገረምከኒ» በኃላፊ አንቀጽ ለሁለተኛ መደብ ወንድ የተነገረ፣ የአንደኛ መደብ ተሳቢ ዝርዝር ያለው ግሥ ነው። «ገሪማ» ደግሞ በግእዝ ሰዋስው ዓይን ቢታይ ይበልጥ የሚመስለው ቦዝ አንቀጽን ነው፤ ያውም የሴት፤ «ነጊሮ»፣ «ነጊራ» እንደሚባለው ያለ። መነኩሴ በሴት ቦዝ አንቀጽ ተሰየመ የሚል ሰው ስለማይኖር፣ የስሙ ቅርጽ ከግሡ የወጣ ሳይሆን ግሡ ለስሙ ከኋላ የተፈለገ መሆኑ ይታያል። የገድሉ ደራሲ የተመለከተው ሦስቱን ፊደላት ብቻ ነው፤ ገ፣ ረ፣ መ። ለእርሱ እነዚያ ይበቁታል።

ይህ አሠራር ከየት እንደ ተወረሰ መገመት አያስቸግርም። የኦሪት ዘፍጥረት ትረካ ራሱ ስምን በድርጊት የሚፈታ ነው፤ ይስሐቅ የተባለው ሳራ ስለ ሣቀች ነው። ይህ ጨዋታ በብዙ ቋንቋ ሲተረጎም ይጠፋል፤ በግእዝ ግን «ሠሐቀ» የሚለው ግሥ ስላለ ሕያው ሆኖ ቆይቷል። የአክሱሙ መነኩሴም በሣቅ የተፈታውን ስም አውልቆ በግርማ የተፈታ ስም መልበሱ፣ ደራሲው መጽሐፍ ቅዱስን ምን ያህል ተከትሎ እንደ ጻፈ ያሳያል። ነገሩ ውሸት ሳይሆን የዘውግ ሕግ ነው፤ ስም ያለው ሁሉ ስሙን ያገኘበት ቀን አለው፤ ያ ቀን ካልታወቀ ይፈጠራል።

የደብረ ዳሞ ስም የበለጠ ያከራክራል። በአቡነ አረጋዊ ገድል መሠረት ጻድቁ ወደ አምባው የወጣው ዘንዶ በጅራቱ ተሸክሞት ነው። በኋላ ንጉሥ ገብረ መስቀል ቤተ ክርስቲያን ሲያሠራ ለግንበኞቹ መወጣጫ ደረጃ አሠራ። ሥራው ሲያልቅ አረጋዊ ንጉሡን «ዳኅምሞ» አለው፤ ደረጃውን አፍርሰው፣ ደምስሰው ማለት ነው። ተራራውም ከዚህ ትእዛዝ ደብረ ዳኅሞ፣ ቀጥሎም ደብረ ዳሞ ተባለ። እስከ ዛሬ በገመድ የሚወጣበትን ምክንያት፣ የንጉሡን ታዛዥነትና የቦታውን ስም በአንድ ቃል የቋጠረ ትረካ ነውና በሥነ ጽሑፍነቱ የተዋጣለት ነው።

ፍቺው በሥነ ድምፅ ሲመረመር ግን መንገዱ ይጠብባል። «ዳኅምሞ» ትእዛዝ አንቀጽ ሲሆን መጨረሻው የሦስተኛ መደብ ተሳቢ ዝርዝር ነው። ከዚህ ወደ «ዳሞ» ለመድረስ ሁለት ነገር መሆን አለበት፤ ኅ መውደቅ አለበት፣ ሁለቱ ም ወደ አንድ ጠባቂ ም መጠቅለል አለባቸው። ሁለተኛው የሚቻል ነው። የመጀመሪያው ግን በየትኛው ቋንቋ? የግእዝ ጉሮሯዊ ድምፆች በአማርኛ በብዛት ወድቀዋል፤ በትግርኛ ግን ኀ ከሐ ጋር ተቀላቀለ እንጂ አልጠፋም። የግእዙ «ኀምስቱ» በአማርኛ «አምስት»፣ በትግርኛ «ሓሙሽተ» ነው። ከሁሉ የሚቀርበው ምሳሌ ላም ነው፤ የግእዙ «ላህም» በአማርኛ ተነባቢውን ጥሎ «ላም» ሲሆን በትግርኛ «ላሕሚ» ሆኖ ጉሮሯዊ ድምፅ ይዞ ቀርቷል። ስለዚህ «ዳኅም» ወደ «ዳም» የሚሄደው «ላህም» ወደ «ላም» በሄደበት የአማርኛ ጎዳና ነው። ደብረ ዳሞ ግን ያለችው በትግርኛ ተናጋሪ አገር ነው። ስሙ በቦታው ሰዎች አፍ ከ6ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲወርድ የመጣ ቢሆን ኖሮ ጉሮሯዊ ድምፁ ዛሬም በአነጋገር መሰማት ነበረበት።

እዚህ ላይ ሁለት ማምለጫ አለ። አንደኛው «ዳኅሞ» የሚል አጻጻፍ በጽሑፍ መኖሩን ምስክር ማድረግ ነው። ነገር ግን ይህ አጻጻፍ ከትረካው በፊት ስለመኖሩ ማስረጃ ካልቀረበ፣ ፊደሉ ትረካውን ተከትሎ የገባ ሊሆን ይችላል። በግእዝና በአማርኛ ጽሑፍ ሊቃውንቱ የሚያውቁትን ሥርወ ቃል ለማሳየት ፊደል ማስተካከላቸው የተለመደ ነው፤ አጻጻፍ የፍቺ ውጤት ሲሆን መልሶ ለፍቺው ምስክር ሊሆን አይችልም። ሁለተኛው ማምለጫ የስም ጨዋታ የድምፅ ለውጥ ሕግን መከተል የለበትም የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ይህን ያለ ሰው ፍቺው ታሪክ አለመሆኑን አብሮ ተናግሯል። በአምባው ላይ ከ100 በላይ የኩሻን መንግሥት የወርቅ ሳንቲሞች በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ገደማ መገኘታቸው ሲታሰብ ደግሞ፣ ከሕንድ ወገን የመጣ ገንዘብ የደረሰበት ቦታ ከመነኩሴው በፊት ስም አልነበረውም ማለት ይከብዳል።

የገድላቱ የዘመን አቆጣጠር በዚህ መጠን መመርመር አያስፈልገውም፤ ችግሩ ከሩቅ ይታያል። አረጋዊ በታላቁ ጳኩሚስ እጅ መነኰሰ ይባላል፤ ጳኩሚስ በ346 ሞቷል፤ አረጋዊ ግን የካሌብና የልጁ የገብረ መስቀል ዘመን ሰው ነው፤ ካሌብም ወደ ሒምያር የዘመተው በ525 ነው። የመነኮሳት የትውልድ ሐረግም እንዲሁ ነው። ከአረጋዊ እስከ 13ኛው ክፍለ ዘመኑ ኢየሱስ ሞዐ ያለውን ሰባት መቶ ዓመት የሚሞሉት ክርስቶስ ቤዛነ፣ መስቀል ቤዛነ፣ ዮሐኒ እያሉ የሚቆጠሩ በጣት የሚቆጠሩ ስሞች ናቸው። የሐረጉ ተግባር ዘመን መቁጠር ሳይሆን ማዕረግ መስጠት ነው፤ የሐይቅ እስጢፋኖስና የደብረ ሊባኖስ ወገኖች ለይኩኖ አምላክ መንገሥ ምክንያት የሆነው የእኛ አባት ነው እያሉ የተከራከሩበትን ትረካ ታደሰ ታምራት በ1972 ባሳተመው መጽሐፍ በሚገባ መርምሮታል። አንድ ነገር ብቻ ይጨመር። ደብረ ሊባኖስ የሚለው የሸዋ ገዳም ስም መቼ እንደ መጣ ይታወቃል፤ ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ በ1445 ደብረ አስቦን በዚህ ስም ጠራው። ከዚያ አስቀድሞ ግን በኤርትራ ሽመዛና፣ በሐም፣ በአቡነ ሊባኖስ የተሰየመ ደብረ ሊባኖስ ነበረ፤ የወርቅ ወንጌሉም ከላሊበላ ዘመን ጀምሮ የተጻፉ የርስት ሰነዶችን ይዟል። ስሞች ሰው ሳይከተላቸው ከቦታ ወደ ቦታ እንደሚሄዱ ከዚህ የበለጠ ማሳያ አያሻም።

እስከዚህ ያለው ገድልን ለሚያነብ ሁሉ እንግዳ አይደለም። እንግዳ የሚሆነው የኋለኛው ትረካ ነው። ከኢኛስዮ ጉይዲ ጀምሮ የተጠነሰሰውና በካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እጅ የጎለመሰው ይህ ትረካ እንዲህ ይላል፦ ዘጠኙ ቅዱሳን የሶርያ መነኮሳት ነበሩ፤ ከኬልቄዶን ጉባኤ በኋላ ስደት ሸሽተው መጡ፤ ገዳማትን መሠረቱ፤ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ ግእዝ ተረጐሙ ወይም አረሙ፤ ለዚህም ምስክሩ በግእዝ ውስጥ ያሉ የሱርስት ቃላት ናቸው። በ1928 የታተመው የኮንቲ ሮሲኒ የኢትዮጵያ ታሪክ መጽሐፍ ይህን ሐሳብ ለረጅም ጊዜ የማይነቀፍ አድርጎት ቆይቷል። ደራሲው በኤርትራ የቅኝ አስተዳደር ባለሥልጣን ሆኖ የሠራ ሰው መሆኑ የሊቅነቱን ትልቅነት አይቀንስም፤ ብዙ ገድላትን ለንባብ ያበቃ እርሱ ነው። ሥልጣኔ ሁሉ ከባሕር ማዶ እንደ መጣ አድርጎ የማየት ዝንባሌው ግን በዚህ ጉዳይ ብቻ የታየ አይደለም።

ገድላቱ ራሳቸው ምን ይላሉ? አረጋዊ፣ ጰንጠሌዎንና ገሪማ ከሮም፣ ሊቃኖስ ከቁስጥንጥንያ፣ አሌፍ ከቂሣርያ፣ ጽሕማ ከአንጾኪያ መጡ ይላል ትውፊቱ። በግእዝ «ሮም» ማለት የምሥራቁ የሮም መንግሥት በሙሉ ነው። ከእነዚህ ያለ ክርክር የሶርያ የሚባል ከተማ አንጾኪያ ብቻ ነው፤ እርሱም የአንድ ሰው አገር ነው። «ሮም» ወደ «ሶርያ» የተቀየረው በአውሮፓ ነው። የኬልቄዶን ስደተኞች ናቸው የሚለውም የዘመናዊ ታሪክ ጸሐፊዎች ግምት ነው። የሚያሳዝነው ክበቡ መገጠሙ ነው። በ20ኛው ክፍለ ዘመን የታተሙ የአማርኛ የታሪክ መጻሕፍት «ሶርያ» የሚለውን ከውጭ ጥናቶች ወስደው እንደ ጥንት ትውፊት አቀረቡት፤ ከዚያ በኋላ የመጣ አጥኚም የአገሬው ትውፊት ከምርምሩ ጋር ተስማማ ብሎ ይጠቅሰዋል።

የስሞቹን ነገር ፓኦሎ ማራሲኒ በ1990 ባሳተመው ጽሑፍ መርምሮ ሶርያዊነታቸውን ውድቅ አድርጎታል። ጰንጠሌዎን ግሪክኛ ነው፤ አረጋዊ የግእዝ ቃል ነው፤ ስለ ገሪማ ከላይ ተነግሯል። የቀሩትን ስሞች በሱርስት መፍታት የተቻለው ሰዎቹ ሶርያውያን ናቸው ተብሎ አስቀድሞ ስለ ታመነ ነው። ሦስት ፊደል ያለው ስም በየትኛውም የሴም ቋንቋ ዘመድ አያጣም። «ገረምከኒ» ያለው የገድል ደራሲ ቢያንስ በስሙና በፍቺው መካከል ታሪክ አስገብቷል፤ የኋለኞቹ ያስገቡት ካርታ ነው።

ዋናው ክርክር ግን የውሰት ቃላቱ ነው። ቴዎዶር ኖልደኬ በ1910 በግእዝ የሚገኙ የባዕድ ቃላትን ዘርዝሮ ካወጣ በኋላ ሃይማኖት፣ ኦሪት፣ ጣዖት፣ ምጽዋት፣ ገሃነም የመሳሰሉት ቃላት የሶርያ መነኮሳት አሻራ ናቸው ማለት ልማድ ሆነ። ይህን ልማድ የሰበረው የኢየሩሳሌሙ ሊቅ ሐንስ ያዕቆብ ፖሎትስኪ ነው። በ1964 ባሳተመው አጭር ጽሑፍ የቀረበው ጥያቄ ቀላል ነበር፤ እነዚህ ቃላት አራማይክ መሆናቸው እርግጥ ነው፤ ግን የትኛው አራማይክ? ሱርስት የአራማይክ አንድ ዘዬ ነው፤ የክርስቲያኖች የጽሑፍ ቋንቋ ሆኗል። አይሁድ የሚጠቀሙበት አራማይክ ሌላ ነው። ሁለቱን መለየት የሚቻለው በድምፅ ብቻ ሳይሆን በትርጉም ነው።

«ጣዖት» የሚለውን መመልከት ይበቃል። ሥሩ በአራማይክ መሳሳትን፣ መንገድ መሳትን ያመለክታል። በአይሁድ አራማይክ ትርጓሜያት «ጣዑታ» ስሕተት ከማለት አልፎ የሚመለክ ምስልን ለማለት ያገለግላል፤ የግእዙም ትርጉም ይኸው ነው። በሱርስት መጽሐፍ ቅዱስ ግን ለጣዖት የታወቀው ቃል «ፕታክራ» ነው። ግእዝን ያስተማሩት የሱርስት ተናጋሪዎች ቢሆኑ ኖሮ፣ በየገጹ የሚያነቡትን ቃል ትተው በእነርሱ ዘንድ በዚህ ትርጉም ያልተለመደውን ለምን አስተማሩ? «ምጽዋት»ም እንዲሁ ነው። ትእዛዝ የሚል መነሻ ትርጉም ያለው ቃል የልግስና ስም የሆነው በአይሁድ አነጋገር ነው፤ ለድኻ መስጠት ከትእዛዛት ሁሉ ዋነኛው ተደርጎ ስለሚቆጠር። የሶርያ ክርስቲያኖች ምጽዋትን የሚጠሩት ከጽድቅ ሥር በወጣ ሌላ ቃል ነው። «ኦሪት» የሕግ መጽሐፍ ስም ነው፤ ከክርስትና ጋር የሚመጣበት ልዩ ምክንያት የለውም። እነዚህ ቃላት የሚናገሩት አንድ አምላክን፣ ሕግን፣ ልግስናንና ከጣዖት መራቅን ስለሚያውቅ ኅብረተሰብ ነው። ወደ አክሱም በቀይ ባሕር ንግድ፣ በደቡብ ዐረብ በኩል፣ ከክርስትና በፊት ወይም ከክርስትናው መጀመሪያ ጋር ሊገቡ ይችላሉ። ፖሎትስኪ አይሁድ መጽሐፍ ቅዱስን ተረጐሙ አላለም፤ ቃላቱ ተርጓሚዎቹ ሲደርሱ በአገሩ ቋንቋ ውስጥ ተቀምጠው ነበር የሚለው ግን ከጽሑፉ የሚወጣ ነው።

ከዚህ ጋር የሚታየው ሌላው የቃላት ክፍል የግሪኩ ነው። ፋሲካ የግሪክኛውን ካ ይዞ መጥቷል፤ የሱርስቱ «ፔጽሓ» ቢሆን ኖሮ ጸና ሐ ይኖሩት ነበር፤ ግእዝ ሁለቱንም ድምፆች በደንብ የሚያውቅ ቋንቋ ነውና አይቸገርም። ዲያቆን ግሪክኛ ነው፤ ሶርያውያን ከ«ማገልገል» ሥር የወጣ የራሳቸው ስም አላቸው። በአንጻሩ ኤጲስ ቆጶስ ወደ ሱርስትም የገባ የግሪክ ቃል ስለሆነ ለማንም አይመሰክርም። የግእዝ ወንጌላት ከግሪክ መተርጐማቸውን ሮቸስ ዙርሞንድ በ1989 ባወጣው የማርቆስ ወንጌል ኅትመት አጠንክሮ አሳይቷል፤ ቀደም ሲል አርቱር ፎቡስ ያቀረበው የሱርስት መነሻ ሐሳብም ከዚያ ወዲህ ደጋፊው አንሷል። አሌሳንድሮ ባውሲ ያጠናውና ከትግራይ የተገኘው የአክሱም ዘመን የቀኖና ስብስብ ደግሞ በዚያው ዘመን ከግሪክ የተተረጐሙ የእስክንድርያ ጽሑፎችን ይዟል። ፍሬምናጦስን ጳጳስ አድርጎ የላከው የእስክንድርያው አትናቴዎስ ከመሆኑ ጋር ይህ ይስማማል።

እስካሁን በቂ ትኩረት ያላገኘው ግን የምንኵስና ቃላት ክፍል ነው። ክርክሩ ስለ ገዳማት መሥራቾች ከሆነ መመርመር የሚገባው «ሃይማኖት» ሳይሆን «መነኮስ» ነው። የሶርያ መነኮሳት ገዳማትን ከመሠረቱ የገዳም ሕይወት ቃላት ሱርስት መሆን ነበረባቸው። ሶርያውያን ገዳምን «ዳይራ» ይላሉ፤ ቃሉ በዐረብኛም «ደይር» ሆኖ ገብቷል። ብቸኛውን መነኩሴ «ኢሒዳያ» ይሉታል፤ በሐዘንና በንስሐ የሚኖረውን «አቢላ» ይሉታል። ከእነዚህ አንዱም በግእዝ የምንኵስና ስም ሆኖ አልተተከለም። መነኮስ ግሪክኛ ነው። አስኬማ ግሪክኛ ነው። ቀኖና ግሪክኛ ነው። የቦታዎቹ ስሞች ደግሞ የአገሩ ናቸው፤ ደብር ተራራ ነው፣ ገዳም ያልታረሰ በረሓ ነው። የግብፅ መነኮሳት በረሓን የምንኵስና ስም እንዳደረጉት ግእዝም በራሱ ቃል እንዲሁ አድርጓል። አጠራጣሪ ሆኖ የሚቀር «ቆብዕ» ነው፤ በሱርስትም በዕብራይስጥም የራስ መሸፈኛ የሚሆን ተመሳሳይ ቃል ስላለ መንገዱን ለመወሰን ያስቸግራል። አንድ ቆብ ግን ዘጠኝ መነኮሳትን አያስመጣም።

ይህ ማስረጃ በሌላ በኩል መጎተት የለበትም። ግሪክኛ ቃላት ስላሉ ግሪኮች ገዳም መሠረቱ ማለት ያንኑ ስሕተት በሌላ አገር ስም መድገም ነው። መነኮስ የሚለው ቃል በመጽሐፍ ሊገባ ይችላል፤ በግብፅ በኩል በሄደ ኢትዮጵያዊ ሊገባ ይችላል፤ ግሪክኛ በሚያነብ የአዱሊስ ነጋዴ ልጅ ሊገባ ይችላል። የውሰት ቃል ቃሉ የተጓዘበትን መንገድ ይጠቁማል፤ የተጓዡን ሰው ስምና ቁጥር አይናገርም። የማራሲኒን ጽሑፍ ከተከተሉት አንዳንዶች በአክሱም አንድም ሶርያዊ አልነበረም ወደ ማለት መሄዳቸውም ከማስረጃው በላይ ነው። የቀይ ባሕር ወደቦች ለሁሉም ክፍት ነበሩ። የተሰበረው ክርክር «ሶርያውያን መጡ» የሚለው ሳይሆን «ቃላቱ መምጣታቸውን ያረጋግጣሉ» የሚለው ነው።

ለገድላቱም ፍርድ መስጠት ይገባል፤ ምክንያቱም ከሁለቱ ትረካዎች ባንድ ነገር የተሻሉ ሆነው የተገኙት እነርሱ ናቸው። የአባ ገሪማ ገዳም ወንጌሉን ጻድቁ ራሱ በአንድ ቀን ጻፈው፣ እስኪጨርስም ፀሐይ ቆመችለት ሲል ኖሯል። የሥነ ጥበብ ታሪክ አጥኚዎች ለረጅም ጊዜ ወንጌሎቹን ወደ 11ኛው ክፍለ ዘመን ያስጠጉ ነበር። ብራናው በኦክስፎርድ በካርቦን ሲለካ ግን ዘመኑ ከ4ኛው እስከ 7ኛው ክፍለ ዘመን ባለው ውስጥ ወደቀ። ሁለቱ ጥንታውያን ወንጌሎች በአንድ እጅ የተጻፉ አይደሉም፤ ፀሐይም ስለ መቆሟ ካርቦን አይናገርም። ነገር ግን መጽሐፉ የአክሱም ዘመን ነው የሚለው የመነኮሳቱ ቃል ከአጥኚዎቹ ግምት ይልቅ ወደ እውነቱ ቀረበ። ገድል ድርጊቱን ይፈጥራል፤ ያ ድርጊት የሚጠብቀው ንብረት፣ ሕንፃና ጥንታዊነት ግን ብዙ ጊዜ እውነት ነው። «ገረምከኒ» የተባለበት ቀን ላይኖር ይችላል፤ ወንጌሉ ግን አለ።

የኋለኛው ትረካ እንዲህ ያለ ነገር አልጠበቀም። የጠበቀው በመዝገበ ቃላት ውስጥ የገባ ምልክት ነው። ኪዳነ ወልድ ክፍሌ በታላቁ የግእዝ መዝገበ ቃላታቸው የግእዝን ግሥ ከዕብራይስጥ፣ ከሱርስትና ከዐረብኛ ጋር ሲያነጻጽሩ የአንድ ቤተሰብ ቋንቋዎችን ዝምድና ያሳያሉ። በኋላ የመጡ ብዙ ዝርዝሮች ግን ዝምድናን ከውሰት ሳይለዩ «ከሱርስት» የሚል ምልክት ይለጥፋሉ፤ አማርኛንና ትግርኛን የሚያጠና ወጣት ተመራማሪም ምልክቱን ገልብጦ በመግቢያው ላይ ዘጠኙን ቅዱሳን ይጠራል። «ጣዖት» እና «ምጽዋት» በሚሉት ሥር መጻፍ የሚገባው «ከአራማይክ፣ ትርጉሙ የአይሁድ አነጋገር» ነው። «ኦሪት» እና «ሃይማኖት» በቅርጻቸው አራማይክ መሆናቸው ተጽፎ፣ በየትኛው ዘዬ በኩል እንደ ገቡ ክፍት መተው አለበት። «ቆብዕ» ዝምድናው ይመዝገብ እንጂ የመጣበት አገር አይጻፍ። «ዳሞ» ደግሞ በግእዝ ግሥ ብቻ መፈታቱ ቀርቶ በአካባቢው ካሉ የትግርኛና የሳሆ የቦታ ስሞች ጋር፣ ነዋሪዎቹ በሚጠሩበት ድምፅ ተመዝግቦ ሊነጻጸር ይገባዋል፤ የአምባው ሰዎች ድምፁን ሲጠሩ የሚሰማው ተነባቢ ከየትኛውም ብራና አጻጻፍ የበለጠ ይመሰክራል።